«ለምን አይተወውም?»፦ ስለ መጠጥና ጫት ሱስ በደብረ ብርሃን የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞች፣ የጤና ባለሙያዎችና ተማሪዎች፤ በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሱስ ነው። ጉዳዩ ሰፊ በመሆኑ ሁሉንም ልዳስስ አልሞክርም። በአካባቢያችን ብዙ ቤተሰብ የሚያስቸግሩትን ሁለቱን፣ ማለትም አልኮልንና ጫትን፣ ይዤ እቆያለሁ።

በአእምሮ ጤና ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በየጊዜው የሚሰማው አንድ ጥያቄ አለ። እናት ልጇን፣ ሚስት ባሏን፣ አንዳንዴም ልጅ አባቱን ይዞ ይመጣና፣ በሽተኛው ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ሲወጣ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቹን እየወደደ፣ ጤናውን እያጣ፣ ሥራው እየተበላሸበት፣ ለምን አይተወውም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ከቤቱ ይዞ መምጣቱ ነው፦ ልቡ ስለደነደነ፣ ስለሰነፈ፣ እኛን ስለናቀን፣ ወይም የሆነ ነገር ስለያዘው። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው መተው ያቃተው ሰው መተው የሚያስችለው ችሎታ ራሱ የተጎዳበት መሆኑን ነው። ይህን ከተቀበልን፣ የቤተሰብና የጎረቤት ትልቁ ሥራ ሰውየው ሳያቆም በፊት «ተው» ማለቱ ላይ ሳይሆን፣ ባቆመባቸው የመጀመሪያ ቀናትና ከዚያ በኋላ ባሉት ረጅም ወራት ላይ መሆኑን እናያለን።

አስቀድሜ ስለ አካባቢያችን ጥቂት ልበል። ሰሜን ሸዋ ደጋውንም ቆላውንም የያዘ ዞን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃን፣ እንዲሁም በመንዝና በጣርማ በር ከፍታዎች፣ ገብሱ ጠላ ይሆናል፣ አረቄም ይወጣል። ወደ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ስንወርድ ደግሞ የጫት ማሳና የጫት ገበያ እናገኛለን። ጫትም ቢሆን ለዚህ ምድር የትናንት እንግዳ አይደለም። የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መዛቱን ይተርካል፤ ይህ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሆነ ነገር ነው። ጠላውም በማኅበሩ፣ በሰንበቴው፣ በክርስትናው፣ በወንፈሉና በተዝካሩ ያለ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆሜ «መጠጥ የሚባል ነገር አትቅመሱ» ብል ማንም አይሰማኝም፤ የምናገረውም ስለዚያ አይደለም። ከሚጠጡትና ከሚቅሙት ብዙዎቹ ሱሰኛ አይሆኑም። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 12 በመቶ ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል፤ ከእነዚህ ሁሉ መካከል በጥገኝነት የሚያዘው የተወሰነው ነው። የተወሰነው ማን ነው፣ ለምንስ እሱ ሆነ የሚለውን ነው መመርመር ያለብን።

ስለ መጠን ሳናውቅ ስለ መጠጥ መነጋገር አንችልም። የቤት ጠላ ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 በመቶ አልኮል ይይዛል። ጠጅ እንደ አጣጣሉ ከ7 እስከ 11 በመቶ ይደርሳል። ዳግም አረቄ ግን 45 በመቶ አካባቢ ነው። አንዲት መለኪያ ዳግም አረቄ በውስጧ ያለው ንጹሕ አልኮል ከአንድ ትልቅ ጣሳ ጠላ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ ልዩነቱ ጣሳውን ለመጨረስ ጨዋታም ጊዜም ሲፈልግ መለኪያዋ በአንድ ትንፋሽ ማለቋ ነው። አያቶቻችን ጠላ ይጠጡ ነበርና ምን ሆኑ የሚለው ክርክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። የደጋ ገበሬ በበዓል ቀን ከጎረቤቱ ጋር የጠጣው ጠላና ዛሬ ወጣቱ በባዶ ሆዱ የሚገለብጠው አረቄ በአንጎል ላይ የሚያደርሱት ነገር አንድ አይደለም።

ደጋ ላይ ስላለን ስለ ብርዱም መናገር ይኖርብኛል። «አረቄ ብርድ ይሰብራል» የሚለው እምነት እዚህ ከተማ ውስጥ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ አረቄ ይሸጣል። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን ደም ስሮች ስለሚያሰፋ ሙቅ ደም ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰውየው ፊቱና እጁ ስለሚሞቀው ሰውነቱ የሞቀ ይመስለዋል፤ በዚያው ቅጽበት ልቡንና ሳንባውን የሚያሞቀው ሙቀት በቆዳው በኩል ወደ ብርዱ እየባከነ ነው። በጥቅምትና ኅዳር ውርጭ ጠጥቶ መንገድ ላይ የተኛ ሰው ከማይጠጣው ይልቅ በብርድ የመሞት አደጋው ከፍ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። የሌሊት ዘበኞቻችን ይህን ቢያውቁት እወዳለሁ።

አሁን ወደ አንጎል እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1954 ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ በአይጦች አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ ቀብረው፣ አይጧ ማንሻ በነካች ቁጥር ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ወደ አንድ የአንጎል ክፍል እንዲደርስ አደረጉ። አይጦቹ ማንሻውን በሰዓት ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ መጫን ጀመሩ። ያ ክፍል በሰውም አንጎል ውስጥ አለ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ምግብ ስንበላ፣ ወዳጅ ስናገኝ፣ ልጃችን ሲስቅልን ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር እየለቀቀ «ይህ ጠቃሚ ነው፣ አስታውሰው፣ ድገመው» የሚል ትምህርት ያስተምረናል። አልኮል፣ ኒኮቲንና ጫት በልዩ ልዩ መንገድ ገብተው ይህንኑ ክፍል ከልክ በላይ ይቀሰቅሱታል፤ አንጎልም ለሕይወት ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ በላይ ይህን ማስታወስ እንዳለበት ይማራል።

ዶፓሚን ከደስታው ይልቅ ደስታውን ከመጠበቅ ጋር ይበልጥ የተያያዘ መሆኑ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። ለወራት ያልጠጣ ሰው የድሮ ጓደኛውን ድምፅ ሲሰማ፣ ወይም ከሥራ ሲወጣ በለመደው መንገድ ሲያልፍና የአረቄው ሽታ አፍንጫውን ሲመታው፣ ገና ሳያስብ አንጎሉ ዶፓሚን ይለቅቃል፣ ምራቁ ይሞላል፣ ልቡ ይመታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የሚያዛጋው፣ ዓይኑ የሚያለቅሰው፣ ሰው ሁሉ የሚያስጠላው ቃሚም ሐራራ ያዘኝ ሲል የሚያወራው ስለዚሁ ነው። በጊዜ ብዛት መጠጡ ወይም ጫቱ የሚሰጠው ደስታ እየቀነሰ፣ ፍላጎቱ ግን እየበረታ ይሄዳል። ስለዚህም ነው ብዙ ሱሰኞች «አሁንማ ደስም አይለኝ» እያሉ የሚቀጥሉት፤ ሰሚው ውሸት ይመስለዋል፣ እነሱ ግን ትክክለኛውን ነገር እየተናገሩ ነው። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ከግንባራችን ጀርባ ያለው፣ ማመዛዘንና ራስን መግታት የሚሠራበት የአንጎል ክፍል በረጅም ጊዜ አጠቃቀም እየደከመ መምጣቱ ነው። ይህ ክፍል ሙሉ በሙሉ የሚበስለው ሰው ወደ 25 ዓመቱ ሲጠጋ ስለሆነ፣ በ15 ዓመቱ መጠጣት የጀመረ ልጅና በ30 ዓመቱ የጀመረ ጎልማሳ እኩል አደጋ ላይ አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ትምባሆም እንዳይሸጥ መከልከሉ ከዚህ እውቀት ጋር ይስማማል። በየትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያለውን አሻሻጥ ያየ ሰው አዋጁና መንገዱ ምን ያህል እንደተራራቁ ያውቃል።

ስለ ጫት ለብቻው ጥቂት ልጨምር። በትኩሱ ቅጠል ውስጥ ያለው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ይባላል፤ ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፣ ባሕርይውም አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ተቀራራቢ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅና ሲያድር ካቲኖን ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ፣ የጫት መኪኖች እንደ አምቡላንስ የሚበሩት፣ እስሩም በቅጠል ተጠቅልሎ የሚጓዘው ለዚህ ነው። ምርቃናው ሰዓታትን ከቆየ በኋላ ሲወርድ ሰውየው ይደበተዋል፣ እንቅልፍ እንቢ ይለዋል፤ በዚህ ጊዜ ብዙዎች ወደ መጠጥ ቤት ይሄዱና «ጨብሲ» ይላሉ። እዚህ ነጥብ ላይ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ሕክምና የሚመጡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ «እኔ ጠጪ አይደለሁም፣ ለጨብሲ ብቻ ነው የምጠጣው» ይላሉ። አንጎል ግን የሚጠጣበትን ምክንያት አይጠይቅም። ቀን በጫት ተነቃቅቶ ማታ በአልኮል የሚረጋጋ ሰው አንጎሉን ሁለት ሱሶች እያስተማረው ነው፤ ከዚያ በኋላ አንዱን ብቻ ለመተው ቢሞክር ሌላው ይጎትተዋል። ጫት ሲቆም ድካም፣ ብዙ እንቅልፍ፣ የስሜት መውደቅና በሕልም መባነን ይከተላሉ፤ ዱካክ የሚባለውም ይህ ነው። እነዚህ በአመዛኙ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልፉ ናቸው፤ ሆኖም ሰውየው ሕይወቱን መጥላት ከጀመረ ያለ ባለሙያ መተው የለበትም።

ማን ይያዛል ወደሚለው ልመለስ። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ለአልኮል ጥገኝነት ከሚዳርገው ተጋላጭነት ግማሽ ያህሉ ከዘር የሚወረስ መሆኑን ያሳያሉ። ይህ ማለት የጠጪ ልጅ ጠጪ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን አባቱም አያቱም በመጠጥ የተጎዱበት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር «እኩል» የመጠጣት ዕድል እንደሌለው ሊነገረው ይገባል ማለት ነው፤ ለስኳርና ለደም ግፊት የቤተሰብ ታሪክ እንደምንጠይቀው ሁሉ ለዚህም መጠየቅ ነውር የለውም። ሌላው ግማሽ ኑሮ ነው። እዚህ ላይ ከቬትናም ጦርነት የተገኘው እውቀት ለእኛ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 አካባቢ ቬትናም ውስጥ ከነበሩት ተራ የአሜሪካ ወታደሮች ከአምስቱ አንዱ ያህል የሄሮይን ሱሰኛ እንደሆነ ታውቆ መንግሥታቸው ደንግጦ ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባለችው ተመራማሪ ወታደሮቹን አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተከታትላ ስታጠና፣ እዚያ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ፍርሃቱ፣ ስልቸታው፣ ሄሮይኑን የሚያቀርበው ሰውና አብሮ የሚያጨሰው ጓደኛ ሁሉም ቬትናም ቀርተዋል፤ ቤት፣ ሥራና ቤተሰብ ተተክተዋል። የሰውየው አካባቢ ሲለወጥ ከሱሱ ጋር ያለው ግንኙነትም ተለወጠ።

የእኛ ዞን በቅርብ ዓመታት ያየውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተቃጠለ ከተማ፣ የተፈናቀለ ቤተሰብ፣ በመጠለያ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ከግንባር የተመለሰ ልጅ አለን። ሌሊት የሚያባንን ነገር ያየ ሰው አረቄ እንቅልፍ እንደሚሰጠው በራሱ ይደርስበታል። ለጥቂት ሳምንታት እውነትም ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን የአልኮል እንቅልፍ የተቆራረጠ ስለሚሆን ቅዠቱ በርትቶ ይመለሳል፣ መጠኑም ይጨምራል። እንዲህ ያለውን ሰው «መጠጡን ተው» ብቻ ብሎ ማሰናበት እንቅልፉን ነጥቆ በምትኩ ምንም እንዳለመስጠት ነው። ስለ መጠጡ ከመጠየቃችን በፊት ስለ ሌሊቱ ብንጠይቀው ይሻላል።

መቼ ነው ሱስ የምንለው? ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት መመዘኛ 11 ምልክቶች አሉት፤ ባለፉት 12 ወራት ሁለት ወይም ሦስቱ የታዩበት ሰው ቀላል፣ አራት ወይም አምስት የታዩበት መካከለኛ፣ ስድስትና ከዚያ በላይ የታዩበት ከባድ ተብሎ ይመደባል። ሁሉንም አልዘረዝርም። ካሰበው በላይ መጠጣት፣ ለማቆም እየፈለጉ አለመቻል፣ ቀኑን በመፈለግና በማገገም ማሳለፍ፣ ጉዳቱን እያወቁ መቀጠል፣ ለተመሳሳይ ስካር ተጨማሪ መጠን መፈለግ፣ ሲያቆሙ መታመም ከመካከላቸው ናቸው። ልብ በሉ፤ በየቀኑ መጠጣት ለብቻው መመዘኛ አይደለም፣ መስከርም አይደለም። «እኔ ጾም ሲገባ አቆማለሁ፣ ስለዚህ ሱሰኛ አይደለሁም» የሚለው ክርክርም ለብቻው ምንም አያረጋግጥም፤ ሰውየው ጾሙ ሲፈታ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚያደርግ ማየቱ የበለጠ ይነግረናል።

ከባዱ ደረጃ ምን እንደሚመስል በቅርበት ላሳያችሁ። የማቀርብላችሁ የአንድን ሰው ታሪክ አይደለም፤ ከብዙዎች የተውጣጣ ነው። አናጺ ነው እንበል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ውርጩ ሣሩ ላይ ሳለ፣ ጋቢውን ተከናንቦ አረቄ ቤት ይገባል። የአረቄ ቤቱ ባለቤት ሳትጠይቀው መለኪያውን ትቀዳለታለች። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መለኪያውን አያነሣም፤ ሁለት ክንዶቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ አፉን ወደ መለኪያው ዝቅ ያደርጋል፣ ግማሹን እንዲህ ከመጠጠ በኋላ የቀረውን በሁለት እጁ ይዞ ይጨርሳል። ሁለተኛውን ሲጠጣ ላቡ ይደርቃል። ሦስተኛውን በአንድ እጁ ያነሣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥራ ቦታው ላይ እርሳሱን ይዞ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። አብረውት የሚሠሩት «እሱ ካልጠጣ አይሠራም» እያሉ ይስቃሉ፤ ያሉት ነገር በትክክል የሕክምና ምርመራ ነው። ይህ ሰው ጠዋት የሚጠጣው ለመስከር ሳይሆን ሌሊቱን ከደሙ የወጣው አልኮል የፈጠረበትን ሕመም ለማስታገስ ነው።

ለምን ይንቀጠቀጣል? አልኮል የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው አንጎል ደግሞ ነቅቶ ለመቆየት ሲል የራሱን አነቃቂ ኃይል ይጨምራል። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑ ተይዞ ሳለ ነዳጁም እስከ መጨረሻው ተረግጧል ብላችሁ አስቡ፤ መኪናው የተረጋጋ ይመስላል፣ ፍሬኑ በድንገት ሲለቀቅ ግን ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መጠጡ ከቆመ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ አንዳንዱን እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይጥለዋል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ በጥቂቶቹ ላይ እጅግ አደገኛው ነገር ይመጣል፦ ሰውየው ቀንና ሌሊቱን አይለይም፣ ግድግዳው ላይ ነፍሳት ሲርመሰመሱ ያያል፣ የማይታዩ ሰዎችን ያናግራል፣ ትኩሳቱና የልብ ምቱ ይጨምራል። ይህ ሁኔታ ካልታከመ ይገድላል። ከሱሶች መካከል በድንገት በመተው ብቻ ሰው ሊሞት የሚችልባቸው ጥቂት ናቸው፤ አልኮል ከእነዚያ አንዱ ነው።

ይህን ለምን አበዛሁት? በአካባቢያችን ሰው መጠጥ የሚያቆምበት የታወቀው መንገድ ጠበል ስለሆነ ነው። ዞናችን ሸንኮራ ዮሐንስንና ጻድቃኔ ማርያምን የያዘ ነው፤ ከመላ አገሪቱ ሰው የሚመጣባቸው ቦታዎች ናቸው፣ ብዙዎችም እዚያ ሄደው መጠጥ ትተው ተመልሰዋል። የተከበረ ቦታ፣ ከጓደኛ መራቅ፣ ጸሎት፣ የቀኑ ሥርዓት፣ አብሮ የሚጾም ወገን፣ እነዚህ ሁሉ የቬትናሙ ምሳሌ ያሳየንን የአካባቢ ለውጥ ይሰጣሉ። የምጠነቀቀው ስለ ሦስተኛዋ ሌሊት ነው። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ዛሬ ተወስዶ ጠበል ቦታ ቢገባ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲንፈራገጥና ሲቃዥ አብረውት ያሉት የያዘው መንፈስ እየጮኸ ነው ብለው ሊያስሩት ይችላሉ። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው ዲያዜፓም የተባለው መድኃኒት በባለሙያ ክትትል፣ ቫይታሚን ቢ1፣ ፈሳሽና ጸጥ ያለ ክፍል ነው። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒታቸውንም እንዲወስዱ በይፋ ማሳሰባቸውን ታስታውሳላችሁ። ለመጠጥም ያው ነው፤ በፊት የመጀመሪያውን ሳምንት በጤና ተቋም አሳልፎ ከዚያ ወደ ጠበሉ ቢሄድ፣ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ካህናት አባቶች ይህን ቅደም ተከተል ቢያስተምሩልን ከእኛ ምክር ይልቅ ይሰማል።

ሌላው የእኛ መንገድ ግዝት ነው። ሰውየው በንስሐ አባቱ ፊት «ለአንድ ዓመት አረቄ አልቀምስም» ብሎ ይገዘታል። ይህን የሚንቁ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ እኔ አልንቀውም። ግዝት በየቀኑ «ልጠጣ ወይስ ይቅር» ከሚለው አድካሚ ክርክር ሰውየውን ያሳርፈዋል፤ ጓደኛ ሲጋብዘው «ተገዝቻለሁ» ማለት «አልፈልግም» ከማለት ይልቅ ይከበርለታል፣ ማንም አያስገድደውም። ሆኖም አንድ አደገኛ ጎን አለው። ሰውየው በአንድ ለቅሶ ቤት ተዘናግቶ አንድ መለኪያ ቢቀምስ፣ «አንዴ አፍርሻለሁ፣ ከእግዚአብሔርም ተጣልቻለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ» ብሎ በዚያው ሌሊት ከድሮው በባሰ መጠን ይጠጣል። የጣለው አንዷ መለኪያ አይደለችም፤ ከእሷ በኋላ የመጣው ኀፍረት ነው። ስለዚህ የንስሐ አባቶችን የምለምነው፣ ሲገዝቱ «ብትሳሳት በማግሥቱ ወደ እኔ ና» የሚለውን ቃል አብረው እንዲሰጡ ነው።

እንደገና መጀመር በሕክምናውም ዘንድ የተለመደ ነው። ከሱስ ሕክምና በኋላ ከ40 እስከ 60 በመቶ የሚሆኑት በአንድ ወቅት ወደ መጠቀም ይመለሳሉ፤ ይህም መድኃኒታቸውን አቋርጠው ከሚታመሙ የደም ግፊትና የአስም በሽተኞች ቁጥር ጋር ይቀራረባል። የደም ግፊቱ ስለጨመረ ሰውን ከቤት አናባርርም፤ መጠኑን እናስተካክላለን። ለአልኮል የፍላጎቱን ጉልበት የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለጫት እስካሁን የጸደቀ መድኃኒት የለም፣ ሕክምናው በምክርና በክትትል ላይ ይቆማል። ከሁሉም ጋር ግን ሰውየው ሲያቆም የሚተርፈውን ጊዜ የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ያለውን ሰዓት አብሮት የሚቀመጥ ወንድም ከአሥር ተግሣጽ ይበልጣል።

አረቄ የሚያወጡትን እናቶች ሳላነሣ ባልፍ ፍርዴ ጎዶሎ ይሆናል። ድፍድፉን የምትጥል፣ ጭሱ ውስጥ ተቀምጣ መቃውን የምትጠብቅ፣ የወረደውን እየቀመሰች ብርታቱን የምትለይ ሴት ልጆቿን የምታስተምረው በዚያ ነው። ሥራዋ ራሱ በየቀኑ ያስቀምሳታል፤ ሱስ የያዛት እንደሆነ ደግሞ ሴት በመሆኗ ከወንዱ ይልቅ ስለምትሸሽግ ወደ ሕክምና የምትመጣው ጉበቷ ከተጎዳ በኋላ ነው። እሷን ጥፋተኛ አድርጎ መስበክ ቀላል ነው። በምትኩ ምን ሠርታ እንደምትኖር መልስ ሳናዘጋጅ ግን እንዲህ ያለው ስብከት አይጠቅምም።

ለእድር ዳኞች አንድ ሐሳብ አለኝ። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ከአባላቱ መካከል ለሱስ ሕክምና ወደ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ሲኖር የመጓጓዣና የመድኃኒት ወጪውን በብድር መልክ ቢሸፍን፣ በኋላ ለቀብሩ ከሚያወጣው ያነሰ ያወጣል። በማኅበርና በሰንበቴ ላይ ደግሞ ጠላ ላቆመው ሰው ብርዝ ወይም የሱፍ ውኃ ሳይጠይቅ ይቀርብለት፤ «ትንሽ ብቻ፣ ለበረከት» እየተባለ የሚደረግ ግፊት ስንቱን እንደመለሰ በክፍላችን በየጊዜው እናያለን።

በመጨረሻ፣ ቤታችሁ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ኖሮ ለማቆም ከወሰነ፣ ብቻውን በድንገት እንዲያቆም አታድርጉ፤ በቅርባችሁ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። ለባለሙያው የምትነግሩት ነገር ግልጽ ይሁን፦ በቀን ስንት መለኪያ ወይም ስንት ጠርሙስ እንደሚጠጣ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ የመጨረሻውን የጠጣው በስንት ሰዓት እንደነበር፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ መሆኑን፣ ጫት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት አብሮ የሚወስድ ከሆነም እሱን። አፍራችሁ መጠኑን አታሳንሱ፤ የመድኃኒቱ ልክ የሚወሰነው በዚያ ነው። ሄዳችሁ ሳትጨርሱ ቢንፈራገጥ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ በገመድም አትሰሩት።

ለጥያቄ ጊዜ ተይዟል። በአደባባይ መጠየቅ የማይመቸው ካለ፣ ስብሰባው ካበቃ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። አመሰግናለሁ።